ቪፒኤን ምስጢር ይጠብቃልን?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ፖስታ ቤቶች በእንጦጦና በሐረር ተቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ከሐረር ደብዳቤ የሚልክ ሰው የሚታመነው በሁለት ነገር ነበር፤ ይኸውም በደብዳቤው ማሸጊያና በተሸካሚው ታማኝነት ነው። ማሸጊያው ጽሑፉን ይሸፍናል እንጂ በላዩ የተጻፈውን የተቀባዩን ስም አይሸፍንም። ይህን ልዩነት አንባብያን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ የዛሬው ነገራችን ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ቪፒኤን የሚባለው ነገር በከተማችን፣ በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ በብዙ ቤት ሲነሣ የሰማነው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን ታውካ ሳለ፣ በጾመ ነነዌ ማግሥት፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እገዳውም የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ነው። ወሬ የጠማውና በባዕድ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ስልኩን ወደ ጎረምሶች እየወሰደ ቪፒኤን አስጫነ። የተፈለገው ለተዘጋ በር ማለፊያ እንዲሆን ነበር እንጂ ስለ ምስጢር ያሰበ ጥቂት ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን መተግበሪያው በስልኩ ላይ ቀረ፤ ከእርሱም ጋር «አሁን ማንም አያየኝም» የሚል እምነት አብሮ ቀረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ጥያቄው በቴሌ በኩል ያልፋል። ቪፒኤን ሲኖር ጥያቄው ገና በስልኩ ውስጥ ሳለ በምስጢር ጽሕፈት ይለወጥና በሌላ ስፍራ፣ ብዙውን ጊዜም በሌላ አገር፣ ወዳለ ሰርቨር ይላካል፤ በዚያም ተፈትቶ ወደ እውነተኛው መድረሻው ይሄዳል። ቴሌ የሚያየው ወደ ሰርቨሩ መላኩን ብቻ ነው፤ ድረ ገጹም የሚያየው የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ እንጂ የሐረሩን አይደለም። በከተማችን አምሳል ብንናገር፣ በሸዋ በር የወጣውን መንገደኛ የበሩ ጠባቂ ወደ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሲገባ ያየዋል፤ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደ ግን አያውቅም። የማረፊያው ባለቤት ግን ያውቃል። ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ባለቤት ነው።

ከቴሌ የሸሸነውን ምስጢር ለማን እንደ ሰጠነው መጠየቅ ይገባናል። ፌስቡክ በ2006 ዓ.ም. የገዛው ኦናቮ ፕሮቴክት የተባለ ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መረጃ እንደሚጠብቅ እያስታወቀ፣ የትኛውን መተግበሪያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፍቱ ለጌታው ይሰበስብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተዘጋ። በእኛ አገር እገዳው በተነሣበት በዚያው ወር፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሁለት የኩባንያው ቅርንጫፎች ላይ የ20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ፈረደ። በከፋይ ደንበኞቻቸው ገንዘብ እየተዳደሩ ለሌላው በነጻ የሚያገለግሉ መኖራቸውን አንክድም፤ ነገር ግን ሰርቨር ያለ ወጪ አይቆምምና ወጪውን ማን እንደሚችለው ሳያውቁ መጫን ደግ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን እናቶች አንዲቱ፣ በፈረስ መጋላ የሚነግዱ ወይዘሮ፣ ሴት ልጃቸውን ወደ ዓረብ አገር ሊልኩ አስበው፣ «ቪፒኤን ስላለኝ የልጄን ፓስፖርት ፎቶግራፍ በቴሌግራም ለደላላው ብልክ ምን አለበት?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ቪፒኤን መንገዱን ይሸፍናል እንጂ ከተቀባዩ እጅ አያድንም አልናቸው። ደላላው ፎቶግራፉን ከፍቶ ያየዋል፤ ለሌላም ያስተላልፈዋል። በቴሌግራም የሚደረግ ተራ ንግግርም በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በስማችን ገብተን የምንጽፍበት ፌስቡክ ማን እንደ ሆንን ያውቃል። የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት በቪፒኤን አያልፉም፤ የስልኩ ምሰሶ ያለንበትን ሰፈር ማወቁን አይተውም። የቴሌብርን የይለፍ ቁጥር ለአታላይ ለነገረ ሰውም ቪፒኤን ምንም አይረዳውም። ደላላውን በሚመለከት ግን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው እንዲያጣሩ ነገርናቸው።

ወይዘሮዋ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ይህ ነገር ለምን ይበጃል?» አሉን። ጥያቄው የተገባ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የራሱ ማሸጊያ ስላለው ቴሌ የገጹን ስም እንጂ በውስጡ የምናነበውን አያይም፤ ቪፒኤን የሚጨምረው ስሙንም መሸፈን ነው። ይህ ቀላል አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት ጠብቀው እንዲያቆዩ ያዝዛልና። ምስጢርን መሻት የክፉ ሥራ ምልክት ነው የሚሉትንም አንቀበልም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በሆቴል ወይም በቡና ቤት ዋይፋይ ለሚጠቀም ሰውም ይበጃል። በመንገድ ላይ የተዘጋ በር ሲኖር ያሳልፋል። መንገዱ ራሱ ሲቆረጥ ግን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ቆየበት ጊዜ ማለት ነው፣ ቪፒኤን የጫነውም ያልጫነውም እኩል ነበር።