ፓስፖርት የሚያክል ዳንቴል

ይህን የምጽፍላችሁ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የምሳፈርበት ሰዓት ገና ነው፤ እኔ ደግሞ ከመቅደም ጋር ጸብ የለኝም። ጭኔ ላይ አንድ ልቃቂት ክር፣ አንድ የቀርከሃ ኪሮሽና ፓስፖርቴ አለ። «ከሰው ናሙና መገልበጥ ሰልችቶኛል፤ የራሴን አውጥቼ ልሥራ፤ ከየት ልጀምር?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፣ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የተሻለ መልስ የለኝም።

እኛ አገር ዳንቴል ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ትልቅ ነገር ነው። የአልጋ ልብስ፣ የሶፋ ልብስ ከነክንድ መደገፊያው፣ የቡፌ፣ የፍሪጅ፣ የቴሌቪዥን። እናቶቻችን ነጭ ክር ይዘው ዓመት ከዓመት ይሠሩት ነበር፤ አንዷ የሠራችውን ሌላዋ ተውሳ፣ ዓይኑን ቆጥራ፣ ትመልሳለች። ያማረ ነበር፤ ቤቱ ግን ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ዳንቴሉ የሚያርፍበት አናት አጣ። (የዳንቴል ጠላት ማሽን ሳይሆን ስስ ቴሌቪዥን ነው ስል ሰው ይስቅብኛል። የምሬን ነው። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ትክክለኛ የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከሰው እጅ አልወጣም።) በዚያ ላይ የአልጋ ልብስ ለጀማሪ ፈተና ነው። ስንት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው እግር ሥር ደርሶ የቀረ የአልጋ ልብስ ያለው!

ስለዚህ የምመክራችሁ ትንሽ ነገር እንድታወጡ ነው። ትንሽ ስል ዝቅ ያለ ማለቴ አይደለም። ያ ትልቁ የአልጋ ልብስ ራሱ ቀርባችሁ ብታዩት፣ መዳፍ የሚያክሉ ኮከቦችና አበቦች ተያይዘው የሠሩት ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ ሲራብ፣ ገዳማውያት መነኮሳትና በጎ አድራጊ ሴቶች ለድሆች ቤተሰቦች ኪሮሽ ያስተምሩ ነበር፤ የዳንቴሉ ሽያጭ የብዙ ቤት እንጀራ ሆነ። አሠራራቸው ደግሞ እኛ ዛሬ ከምንለው የራቀ አልነበረም። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ፤ በኋላ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይገጣጠማል። አንዲት አበባ አሳምራ የምትጨርስ ሴት የሥራውን ሒሳብ በሙሉ ይዛዋለች።

እንግዲህ ወደ ፓስፖርቱ። ለመጀመሪያ ሥራ እሱን የመረጥኩት ልኩ የታወቀ ስለሆነ ነው። የፓስፖርት መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው፤ 12.5 በ8.8 ሴንቲ ሜትር። የኛም፣ የኬንያም፣ የጃፓንም ያው ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የፓስፖርት ቦርሳ የምትሠሩ ከሆነ ግማሹ ንድፍ ተሠርቶ ተቀምጦላችኋል ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ክራችሁና እጃችሁ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንም ሊለካው አይችልም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ልትሠሩበት ባሰባችሁት ክርና ኪሮሽ፣ ከ12 ሴንቲ ሜትር የማያንስ አራት ማዕዘን ቁራጭ ሥሩ። ጠርዙ ሁሌም ስለሚዋሽ መሃሉ ላይ ማስመሪያ አድርጉና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን ስንት ጥልፍ፣ ወደ ላይ ስንት መስመር እንዳለ ቁጠሩ። ይህን ሥራ ሰው ይዘለዋል። «ለትንሽ ነገር ሙከራ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እንዲያውም ለትንሽ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ አልጋ ልብስ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ማንም አያይም፤ ፓስፖርት ግን ወይ ይገባል ወይ አይገባም።

የእኔ ቁራጭ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ጎን 20 ጥልፍ፣ ወደ ላይ 22 መስመር አለው እንበል፤ በአጭሩ ጥልፍ ማለቴ ነው። በየቤቱ ስሙ ስለሚለያይ ልንገራችሁ፤ አጭር የምለው ኪሮሹ ላይ ክር ሳንጠቀልል የምንሠራውን ነው፤ ረጅም የምለው አንድ ጊዜ ጠቅልለን የምናስገባውን። ፓስፖርቱ 8.8 ወርድ አለው፤ ውፍረትም አለው፤ እጅም ይገባበታል፤ ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር እሰጠዋለሁ። 10 ሴንቲ ሜትር ማለት 20 ጥልፍ ነው። 21 ሰንሰለት እሠራና (አንዱ ለመዞሪያ ነው) በአንድ ወገኑ 20 አጭር ጥልፍ እሄዳለሁ፤ ጫፍ ስደርስ ሥራውን ሳልገለብጥ ዞሬ በሰንሰለቱ በታችኛው ወገን ሌላ 20 እመለሳለሁ። 40 ጥልፍ ያለው ዙር ሆነ። ከዚያ በኋላ መጨመር የለ፣ መቀነስ የለ፣ መስፋትም የለ፤ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዙሪያውን ወደ ላይ ብቻ ነው። ታቹ የተዘጋ፣ ጎኑ ስፌት የሌለው ከረጢት ይወጣል።

ቁመቱ ላይ ንድፍ አውጪዎቹ እናንተ ናችሁ። ሙሉ በሙሉ ይሸፈን ካላችሁ ከ12.5 በላይ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ትወጣላችሁ፤ ክዳንና ቁልፍ ይጨመርበታል። እኔ የማደርገው 11.5 ላይ መቆም ነው፤ 25 ዙር ገደማ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ከላይ ብቅ ስለሚል ፖሊሱ ፊት ቆሜ አልጎለጉልም፤ በሁለት ጣት ስቤ አወጣዋለሁ። ክዳን ያምራል፣ ነገር ግን ልጅ ያዘለችና ሻንጣ የምትጎትት ሴት በአንድ እጇ ቁልፍ ስትፈታ አስቧት። ማንጠልጠያውን በባዶ ሰንሰለት ብቻ አትሥሩት፤ ክብደት ሲያርፍበት ይለጠጥና ቦርሳው እምብርት ላይ ይደርሳል። ሰንሰለቱን ከሠራችሁ በኋላ በላዩ ላይ አንድ መስመር አጭር ጥልፍ ተመለሱበት፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከምትፈልጉት ጥቂት ያጠረ ይሁን።

ስለ ክር ላንሳ። እዚህ ሀርጌሳ እኔ በብዛት የማገኘው አክሪሊክ ነው፤ ቀለሙ ብዙ፣ ዋጋው ቀላል፣ ለቦርሳ ምንም አይልም። ጀበና ወይም ድስት ለሚያርፍበት ነገር ግን በፍጹም! አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ ትኩስ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ቅርጹም አይመለስም። ለቡና ዕቃ ጥጥ ብቻ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ክር አታጡም፤ ቀጭኑን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ደርቡት። በእጅ የተፈተለውም ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል፤ ለፓስፖርት ልክ አያስተማምንም፣ ለስኒ ማስቀመጫ ግን መልኩን እወድለታለሁ።

አሁን ክብ ነገር። ይህ አየር ማረፊያ፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም የሚጠራው ማለት ነው፣ ከቦሌ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ተሳፋሪ ከተሳፋሪ ፊት ለፊት ይተያያል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። አፍጥጦ ማየት ነውር ነውና እየሰረቅሁ ነው የማየው። ሐረርም ጅግጅጋም የምታውቁት ዓይነት ነው፤ አናቱ ዝርግ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። ለክብ ሥራ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም፤ ሁለቱንም ሕግ አንድ ላይ ይዟል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ዝርግ ክብ በአጭሩ ጥልፍ ሲሠራ በየዙሩ 6 ጥልፍ ይጨመራል። 6 ብላችሁ ትጀምራላችሁ፤ ቀጥሎ 12፣ 18፣ 24፣ 30። ለምን 6? አጭሩ ጥልፍ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሊባል የሚችል ነው። አንድ ዙር ስንጨምር ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በአንድ ጥልፍ ያድጋል፤ የክብ ዙሪያ ደግሞ የዚህ ርቀት 6.28 እጥፍ ነው (ሁለት ጊዜ 3.14፤ ትምህርት ቤት ሸምድደነው የተረሳው)። ስለዚህ ዙሪያው በየጊዜው ስድስት ጥልፍ ያህል ይጠይቃል። ረጅሙ ጥልፍ በቁመት እጥፍ ያህል ስለሆነ 12 ይጠይቃል። ይህ ከገባችሁ የማንንም ናሙና አትለምኑም።

ከ6 ካነሰ ሥራው ወደ ላይ ይታጠፍና ጎድጓዳ ይሆናል። ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። ሽብሽቡን ሰው እንደ ጥፋት ያየዋል፤ ነገር ግን የላትቪያዋ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በ1997 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለች ሆን ብላ በየዙሩ ጥልፍ እያበዛች ሠርታ፣ ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን ጂኦሜትሪ ተማሪዎቿ በእጃቸው እንዲዳስሱት አደረገች። ከዚያ በፊት የነበረው የወረቀት ሞዴል ቶሎ ይቀደድ ነበር። የልጅ ቀሚስ ዘርፍ ላይ የምንሠራው ሽብሽብ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕግ የእኚህ አባት ኮፍያ ጎን ላይ ነው፤ መጨመር ስታቆሙ ሥራው ይቆማል፣ ግድግዳ ይሆናል። መቼ ነው የሚቆመው? የጭንቅላት ዙሪያ 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 57ን ለ3.14 አካፍሉ፤ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዝርጉ አናት 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲደርስ መጨመሩ ያበቃል። የሕፃን ኮፍያም፣ የቅርጫትም ሒሳብ ይኸው ነው።

የስኒ ማስቀመጫ ደግሞ ጎን እንኳ የለውም። ከላይ ለቦርሳው ባልኩት የጥልፍ ልክ 10 ዙር ብትሠሩ 60 ጥልፍ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ስፋቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር አለፍ ይላል፤ ለአንድ ስኒ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ጭማሪውን በየዙሩ ያው ቦታ ላይ ካደረጋችሁት ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል። ማዕዘን ካላማራችሁ በየዙሩ ቦታውን ቀየር አድርጉ።

ጌጡን በተመለከተ፣ ካሬ ካሬ የተሰመረ የሒሳብ ደብተር ግዙ። አንድ ካሬ አንድ ጥልፍ ነው። መስቀል፣ የጥለት ቅርጽ፣ የስም ፊደል፣ በእርሳስ አጥቁራችሁ ሞክሩት። ሁለት ቀለም ይበቃል። ከሦስት በላይ ቀለም ያለው ትንሽ ሥራ ሲያጋጥመኝ ያወጣችው ሰው መወሰን እንዳቃታት ነው የማስበው፤ ይህ ግን የእኔ አመል ነው፤ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ።

መንገደኞች ለሆናችሁ፦ ኪሮሽ ከሹራብ ይልቅ ለጉዞ ይመቻል፤ ምክንያቱም በማንኛውም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። «ተሳፈሩ» ሲባል ቀለበቱ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቶ መነሳት ነው፤ ምንም አይፈታም። የአሜሪካው የአየር ጉዞ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኪሮሽ በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ግን እዚያም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የፈታሹ ነው። እኔ ብረቱን በሚጫነው ሻንጣ ከትቼ የቀርከሃውን ወይም የፕላስቲኩን ነው የምይዘው፤ ቢወስዱብኝም አያንገበግበኝም። መቀስ አልይዝም። ትርፍ ክሩን ደብቆ መጨረስ ቤት ተገብቶ በሰፊ ዓይን መርፌ ነው።

ከሀርጌሳ አዲስ አበባ በአየር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቦርሳው እዚህ ከተጀመረ አየር ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ማንጠልጠያው ግን አያልቅም።

እስቲ ልታወጡ ያሰባችሁትን ነገር ልክ በሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆጠራችሁትን ጥልፍና መስመር ጻፉልኝ፤ ሒሳቡን እዚሁ ቻናል ላይ አብረን እንሠራለን። «ስንት ሰንሰለት ልጀምር?» ብቻ ብላችሁ ለምትጽፉ ግን መልስ የለኝም፤ ክራችሁን አላየሁትማ!