የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን ምን ማለት ነው?

እኔም እንደ እናንተ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የአሠሪዎቼ ቤት ዑተይቢያ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች "ዓርብ ዓርብ አብሬ ከጸለይኩ አባል አይደለሁም ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ እምነትና ጥምቀት ነው። ብዙዎቻችን በሰማንያ ቀናችን ክርስትና ተነሥተናል። የመካነ ኢየሱስ ልጆችም በሕፃንነታችሁ ተጠምቃችኋል። ባፕቲስቶች ግን ሰው የሚጠመቀው በራሱ አፍ ጌታን ካመነ በኋላ ነው፣ የሚጠመቀውም ውኃ ውስጥ ጠልቆ ነው ይላሉ። ጥምቀቱ አያድንም፤ የዳነ ሰው ምስክርነት ነው። ስለዚህ በቃለ ሕይወት ወይም በሙሉ ወንጌል አምናችሁ የተጠመቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ተጠመቁ አትባሉም፤ ከቤተ ክርስቲያናችሁ የመሸኛ ደብዳቤ ይበቃል።

ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነው። አዲሷ እህት እንዴት እንዳመነች በጉባኤ ፊት ትመሰክራለች፤ አባላቱም ድምፅ ሰጥተው ይቀበሏታል። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ባለዕዳ ይሆናሉ፤ መጸለይ፣ መጠየቅ፣ የታመመችን መርዳት። አንዷ ብትበድል ሐሜት የለም፤ መጀመሪያ ለብቻዋ፣ ካልሰማች ከሁለት ሰው ጋር ይነገራታል። መጋቢውን የሚመርጠውም ጉባኤው ነው። የሐኪሙም የቤት ሠራተኛዋም ድምፅ አንድ ነው።

ይህ የስደተኞች ጅማሬ ያለው ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 ከእንግሊዝ ሸሽተው አምስተርዳም የገቡ ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን የባፕቲስት ጉባኤ መሠረቱ። ከእነርሱ አንዱ ቶማስ ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ "ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሙስሊሙም አይሁዱም በእምነቱ አይገደድ" የሚል ሐሳብ ያለው መጽሐፍ ስለጻፈ ታስሮ በእስር ቤት ሞተ። ስለዚህ አባልነት የማዳምን ሃይማኖት መናቅ አይደለም። ባሪያ ሆኖ የተወለደው ጆርጅ ላይል ደግሞ ጃማይካ ሄዶ በኪንግስተን ጉባኤ ሰበሰበ፤ አብዛኞቹ አባላቱ ባሪያዎች ነበሩ። ጌታቸው የሰው ንብረት ቢላቸውም በጉባኤው ወንድምና እህት ተባሉ።

እዚህ አገር ግን ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሕንፃ የለም። መካ ደግሞ ሙስሊም ላልሆነ ሰው መግባቱም የተከለከለ ነው። በታኅሣሥ 2004 በእኛ አቆጣጠር ጅዳ ውስጥ በግል ቤት ሲጸልዩ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘዋል፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ከወራት እስር በኋላ ወደ አገር ተመለሱ። ስለዚህ እህቶቼ፣ የአባላትን ስም በስልክ አትያዙ፤ የጸሎት ፎቶ አትላኩ። እዚህ መጠመቅ ያልቻለችም አትጨነቅ። በመስቀል ላይ ያመነው ወንበዴ ሳይጠመቅ ገነት ገብቷል፤ አገር ስትገባ ትጠመቃለች። እስከዚያው እህታችን ናት።

ታዲያ ሕንፃም መዝገብም ከሌለ አባልነት ምን ይጠቅማል? በአሠሪዎቻችን ቤት "ሸጋላ" እንባላለን። ስልኳን የቀሟት፣ ደመወዟን የከለከሏት እህት ብትጠፋ ማን ይጠይቃል? አባል ማለት ስትቀር የምትፈለግ ሰው ናት። በሐዋርያት ሥራ ጴጥሮስ ከእስር ቤት ወጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ድምፁን ያወቀችው ሮዴ የምትባል ገረድ ነበረች። አንዳንዶች አብደሻል አሏት፤ መጽሐፉ ግን ስሟን ጽፎ አቆየልን። በዚያ ቤት ከሚጸልዩት ጋር ነበረች።

ስለዚህ ለመግባት የምታስቢ እህት፣ ሁለት ነገር ራስሽን ጠይቂ፦ ጌታን በራሴ አምኛለሁ ወይ? ሌላዋ እህት ሦስት ዓርብ ብትቀር እፈልጋታለሁ ወይ? ሁለቱንም አዎ ካልሽ፣ ለምታውቂያት እህት በጆሮዋ ንገሪያት።

ጸጋው ይብዛላችሁ።