ጥርስ ይጸዳል እንጂ አይሞረድም



ዛሬ ስለ ጥርስ እንነጋገራለን። ስለ ጥርስ ሕመም ብቻ አይደለም፤ ስለ ጥርስ መንጣትም ነው። «ይህማ የከተሜ ጉዳይ ነው፤ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ አስቡት። በአገራችን ጥርሱ ያማረ ሰው ሲመሰገን «ጥርሱ ሐጫ በረዶ» ይባላል። ጥርሷ የበለዘ ልጃገረድ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጥርሱ የበለዘ ጎረምሳም በስብሰባ መሀል ተነሥቶ ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ሰው ጥርሱን ለማንጣት ብዙ ይደክማል። አንዱ በከሰል ይፈትጋል። ሌላው በአመድ ወይም በአሸዋ ያሻል። ሌላው ሎሚ ቆርጦ ይቀባል። ለጊዜው የነጣ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ግን ጥርሱ ይወይባል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠዘጥዘዋል። «ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ጥርስ ሳይጎዳ በቤት ውስጥ እንዴት ይጸዳል? በማሸት የማይለቀውስ የትኛው ነው? ተራ በተራ እንያቸው።

የጥርስ ልባስ ምንድን ነው?

ጥርስ ከላይ እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ ነጣ ያለ ጠንካራ ልባስ አለው። ሐኪሞች ኢናሜል ይሉታል። በሰው ገላ ውስጥ ከዚህ ልባስ የሚጠነክር ነገር የለም። አጥንት እንኳ አይስተካከለውም። ቢሆንም ስስ ነው። ወፍራም በሆነበት ቦታ እንኳ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወደ ድድ ሲጠጋ ደግሞ በጣም ይሳሳል።

ከልባሱ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል መልኩ ቢጫ ነው። ከልባሱም ይልቅ ለስላሳ ነው። መሀል ላይ ደግሞ የደም ሥርና ሕመም የሚሰማው ነርቭ አለ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ልባሱን በፈተጋችሁት ቁጥር ይሳሳል። ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ይታያል። ስለዚህ ጥርሱን አነጣለሁ ብሎ የሚፈትግ ሰው ጥርሱን ቢጫ እያደረገ ነው። ቢጫውን ሲያይ «ገና አልጸዳም» ብሎ ይብስ ይፈትጋል። እንዲህ እያለ ልባሱን ይጨርሰዋል።

ምጣድን አስቡ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሲሟሽ ፊቱ ይለሰልሳል፤ እንጀራውም አይያያዝም። ያንን ፊት በድንጋይ ብትፍቁት ግን ምጣዱ ይበላሻል። ምጣድስ እንደገና ይሟሻል። የጥርስ ልባስ ግን አንዴ ካለቀ አይመለስም። ልባሱን የሚሠራው የገላ ክፍል ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ሥራውን ጨርሶ ይጠፋልና። ቆዳ ቢቆረጥ ይድናል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ልባስ ግን አንዴ የተሰጠ ነው።

የሎሚን ሥራ በዓይናችሁ እዩ

ሎሚ ለወጥና ለሰላጣ ደግ ነው። ለጥርስ ማንጫ ግን ጠላት ነው። በወሬ አትመኑን፤ ራሳችሁ ሞክሩት። ዕንቁላሉን ከተጠቀማችሁበት በኋላ ቅርፊቱን አትጣሉት። አንድ ቁራጭ ቅርፊት በስኒ ውስጥ አድርጋችሁ የሎሚ ጭማቂ አፍስሱበት። ወዲያው አረፋ ሲያወጣ ታያላችሁ። አሳድራችሁት በማግስቱ ብትነኩት ቅርፊቱ ሳስቶና ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ጥርስ ከዕንቁላል ቅርፊት ይልቅ በጣም ጠንካራ ስለሆነ በአንድ ሌሊት አይሟሟም። ነገር ግን ጥርስም እንደ ቅርፊቱ በካልሲየም የተገነባ ነው። ኮምጣጣ ነገር ይህን ግንባታ እያለሰለሰ ይሸረሽረዋል። ሎሚ ተቀብቶ በላዩ ላይ በጨው ወይም በአመድ ማሸት ደግሞ ዝናብ ያራሰውን ተዳፋት መሬት ማረስ ማለት ነው። አፈሩ ተጠርጎ ይሄዳል።

ጥርስ ለምን ይበልዛል?

ጥርስ የሚበልዘው በአንድ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ሳያውቁ መፈተግ ደዌውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ትንባሆ ጥርስ ላይ ቀለም ይተዋሉ። ምግብም በጥርስ ላይ ቀጭን ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጩ ሳይጸዳ ከቆየ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቀለሙና ለስላሳው ዝቃጭ በቤት ውስጥ ይጸዳል። ድንጋይ የሆነው ግን በጤና ተቋም ብቻ ይነሣል። በቢላ ወይም በምስማር አትፋቁት፤ ልባሱን ይቧጭራል፤ ድዱንም ያቆስላል።

ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። የተመታ ወይም የሞተ ጥርስ ይጠቁራል። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት ነፍሰ ጡር ወይም ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከዋጠው የልጁ ጥርስ ሊበልዝ ይችላል። ስለዚህ የተረፈ እንክብል ለልጅ አትስጡ። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ግን ጥርስ አያበልዝም፤ በታዘዘው መሠረት ተጠቀሙበት። ከውስጥ ከሚመጡት ሁሉ በአገራችን ብዙ ሰው የሚነካው የውሃው ነገር ነው፤ ቀጥሎ ለብቻው እናየዋለን።

ሦስተኛው ተፈጥሮና ዕድሜ ነው። የሰው ጥርስ ሁሉ እንደ ወተት አይነጣም። ዕድሜም ሲገፋ ጥርስ ቢጫ እያለ ይሄዳል። ጤነኛ ጥርስ ቢጫ ቢሆን ምንም አይደለም። ጤነኛን ጥርስ «ይንጣ» ብሎ መፈተግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የስምጥ ሸለቆ ውሃና ቡናማ ጥርስ

በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ በዝዋይም አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። አንዳንዱ «ጥርሳቸውን አይፍቁም» ብሎ ያማቸዋል። ሐሜቱ ውሸት ነው። ነገሩ ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። የሚመጣው ከውሃው ነው።

የስምጥ ሸለቆ ምድር እሳተ ገሞራ የነበረበት ነው። ውሃ በዚያ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በትንሹ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሽታም የለው፤ ጣዕሙም አያስታውቅም።

ይህ ነገር የእርግማን ወይም የዘር ጉዳይ አይደለም። በሌላም አገር ደርሷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ፍሬዴሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄደ። የአገሬው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዎቹ አንዳንዱ ከአሳማ ሥጋ ነው ይል ነበር፤ ሌላው ከመጥፎ ወተት ነው ይል ነበር። ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ውሃው በደንብ ተመርምሮ በ1931 ነው። 30 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን።

ጥርሱ የሚጎዳው መቼ ነው? ልባሱ ከድድ ሥር በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ቀለሙ ከልባሱ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በከሰልም በአመድም አይለቅም። ትልቅ ሰው ሆኖ ወደዚያ አገር የሄደ ሰው ጥርሱ በዚህ አይበልዝም። ሆኖም ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ሊደርቅ፣ ወገቡም አልታጠፍ ሊል ይችላል። በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሐኪሞች ይህን በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ላይ አይተው ጽፈዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥርሱን ትታችሁ ውሃውን ያዙ። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ፍሎራይድ ይወፍራል። ክሎሪን መጨመርም አያወጣውም። በማኅበር ሆናችሁ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት «የጉድጓዳችን ውሃ ፍሎራይድ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተለካ እንዲለካ አመልክቱ። በአንድ ወረዳ ውስጥ አንዱ ጉድጓድ ብዙ ፍሎራይድ ሊኖረው፣ ሌላው ደግሞ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከንጹሕ የቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። እሱን ለሕፃናት መጠጥና ምግብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አፍልታችሁም ስጧቸው። በልዩ ሁኔታ በተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ፍሎራይድ የሚያጣሩ ማጣሪያዎችም አሉ። ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ጉድጓዱን ትታችሁ ያልፈላ የወንዝ ውሃ ጠጡ ማለት አይደለም። ተቅማጥ ልጅን በቀናት ውስጥ ይገድላል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በእጃችን ያለ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጫፉን አኝኩትና እንደ ብሩሽ ይበተን። ደረቁ ድድ ስለሚያቆስል እርጥቡን ምረጡ። ያለቀውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ።

2. በኃይል አትፈትጉ። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ ፋቁ። የፊቱን ብቻ አይደለም፤ የውስጡንና የመንጋጋውንም ፋቁ። ሰው የሚያየው የፊቱን ነው፤ የሚበሰብሰው ግን ብዙ ጊዜ የኋላው ነው።

3. ጠዋትና ማታ ፋቁ። የማታው አይቅር። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚያንስ በጥርስ ላይ ያደረ ምግብ ብዙ ይጎዳል።

4. ብሩሽ ያለው ለስላሳውን ይምረጥ። የጥርስ ሳሙናም ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የስንዴ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆነ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ መዋጥ የለበትም፤ እንዲተፋ አስተምሩት።

5. ቡና ወይም ሻይ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ይህች ቀላል ነገር ብዙ ቀለም ታስቀራለች። ስኳሩንም ቀንሱ። ትንባሆና ጫት የተወ ሰው ጥርሱንም ኪሱንም ያድናል።

6. ሎሚ ወይም ብርቱካን ከበላችሁ ወዲያው አትፋቁ። ልባሱ ለጊዜው ለስልሷል። በውሃ ተጉመጥሙጡና ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆዩ።

7. ከሰል፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጡብ ዱቄት፣ የልብስ ሳሙናና በረኪና በጥርስ ላይ አይደረጉም። በረኪና መርዝ ነው። ከሰል ጥቁር ስለሆነ ታጥቦ ሲለቅ ጥርሱ የነጣ ያስመስላል እንጂ የሚሠራው የሞረድ ሥራ ነው።

8. መፋቂያና ብሩሽ ለየራስ ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይዋዋሱ። ከድድ የሚወጣ ደም በሽታ ያስተላልፋል።

አንዳንድ ቦታ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ድድ ይነቀሳል። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ የነጣ ይመስላል። ጥርሱ ግን አልተለወጠም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር መርፌ ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለአንድ ፈገግታ ዕድሜን መክፈል አይገባም።

በሱቅ የሚሸጡ ማንጫዎችም አሉ። ብዙዎቹ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚባል ነገር አለባቸው። መጠኑ ሲበዛ ድድ ያቃጥላሉ፤ ጥርስንም ያስጠዘጥዛሉ። ያለ ጥርስ ሐኪም ምክር አትጠቀሙባቸው። አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ፣ ድድ ከደማ ወይም ጥርስ ከጠዘጠዘ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ያነበባችሁትን ገና ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፤ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

በቤታችን ጥርስ የሚታሸው በምንድን ነው?
የዕንቁላሉ ቅርፊት በሎሚ ውስጥ አድሮ ምን ሆነ?
ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ከየት ይመጣል? ፍሎራይዱስ ተለክቷል?

ሦስተኛውን የሚመልስ ከሌለ፣ ወደ ወረዳው የሚጻፈውን ደብዳቤ ከመሀላችሁ አንዱ ዛሬውኑ ይጀምረው። ፊደል የተማርነው ለዚሁ ነውና።