የቆቦና የራያ ቆላ ወንዞች ስም፦ አመጣጡና የሚሻው የአጻጻፍ ጥንቃቄ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና አላውሃን ተሻግሮ ወደ ራያ ሜዳ ይዘልቃል። ጎሊናና ሆርማት በበኩላቸው ከምዕራቡ ደጋ ወርደው የቆቦን ሜዳ ያጠጣሉ። ስሞቹ በመስኖ፣ በጎርፍ መከላከልና በድልድይ ሥራ ሰነዶች ዘወትር ቢጠቀሱም ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አካባቢው አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አገውኛና አፋርኛ የሚገናኙበት እንደመሆኑ ስሞቹም የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደሉም። በአላውሃ መጨረሻ ላይ የአማርኛው «ውሃ» በግልጽ ይሰማል። በስተሰሜን የምትገኘው የማይጨው ከተማ ስም በትግርኛ «ጨዋማ ውሃ» ማለት ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ ለገሂዳና ለጋምቦ ደግሞ የኦሮምኛውን «ለጋ»፣ ማለትም ወንዝን፣ ይዘዋል። ከላስታ የሚነሳው ተከዜ ከሁሉም ይልቅ ያስገርማል፤ ቃሉ በግዕዝ ራሱ «ወንዝ» ማለት ነውና። «የተከዜ ወንዝ» የሚል ሰው ሳያውቀው ወንዝን ሁለት ጊዜ ይጠራል። እንግሊዞችም አቮን በተሰኘው ወንዛቸው ይህንኑ ፈጽመዋል።

የወንዝ ስም ሕዝብ ቋንቋውን ቢለውጥም በቀላሉ አይጠፋም። ለዚህ የሚጠቀሰው ሊቱዌንኛና ላትቪያኛን የሚያጠቃልለው የባልቲክ ቋንቋዎች ጉዳይ ነው። ቶፖሮቭና ትሩባቾቭ የተባሉ የሶቪየት የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ ስላቭኛ በሚነገርበት በላይኛው የዲኔፐር ተፋሰስ በርካታ የባልቲክ የወንዝ ስሞች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከዚህ የደረሱት ግን ስሞችን በብዛት ሰብስበው፣ የቃላቱን አመሠራረትና መድረሻ በማነጻጸር ነው። ጎሊናን ወይም ሆርማትን በድምፅ ከሚመስለው ከአንድ ቃል ጋር ብቻ አዛምዶ ትርጉም መስጠት፣ ምንም እንኳ የተለመደ ቢሆን፣ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ የቋንቋ ተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። አንዱ ጸሐፊ «አላውሃ»፣ ሌላው «አላ ውሃ»፣ ሦስተኛው «አለውሃ» ብሎ ቢመዘግብ ኮምፒዩተር ሦስት ወንዞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ የአንድ ወንዝ የፍሰት መረጃም በሦስት መዝገብ ይበታተናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ጄኔቫ ባካሄደው የመጀመሪያው የመልክዓ ምድር ስሞች ጉባኤ የአማርኛ ስሞች ወደ ላቲን ፊደል የሚገለበጡበትን ሥርዓት ማጽደቁ ይታወሳል። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ስሙ አስቀድሞ ነዋሪው እንደሚጠራው፣ በአንድ ዓይነት የአማርኛ አጻጻፍ ሲሰፍር ነው።