የአባ ኮዳ ኮዳ ውስጥ ምን አለ?

ሐዋሳ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ውስጥ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ትከሻውን ሰብስቦ የሚቆመው ራሰ በራ፣ ባለ ረጅም እግር ወፍ ነው። አባ ኮዳ ይሉታል፤ አንገቱ ላይ በምትንጠለጠለው ቀላ ያለች ከረጢት።

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ «የነገ ምሳውን እዚያ ውስጥ ይቋጥራል» ብሎኝ አምኜው ኖርኩ። ለስንቱ እንግዳ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይቅር በሉኝ። ኮዳው ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር ዝር አይልም፣ አየር ብቻ ነው። ከጨጓራው ጋር አይገናኝም። ሲያሻው ይነፋዋል፤ ለጓደኞቹ ለመጀነን፣ ሙቀትም ለማስወጣት።

እግሩም ሸውዶኝ ነበር። ነጭ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች አጠገብ ቁጭ ብዬ አንዱ አባ ኮዳ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ነጩ እንደ አሮጌ ኖራ ተሰነጣጥቋል፣ በስንጥቁ መሃል ጠቆር ያለ ቆዳ ይታያል። ለካ ኩሱ ነው! ፀሐይ ሲበረታ እግሩ ላይ ይለቅበታል፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩ ይቀዘቅዛል። አስቀያሚ ዘዴ ነው፤ ግን ይሠራል። ራሰ በራነቱም ቢሆን ለጥንብ በላ ይጠቅማል፣ ደም የሚይዝ ላባ የለውማ።

ከልጆቹ አንዱ የቆሮሶ ዓሣ አንጀት ወረወረለት። ቀጭ! ምንቃሩ ተዘጋ፣ አለቀ።

ለማየት በጠዋት ሂዱ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ሁሉም እዚያ ናቸው፤ ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ከሕፃናት ጋር ትከሻ ይለካካሉ። ረፈድ ሲል ሞቃቱን አየር ተንተርሰው ከፍ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጠውን ክንፍ ቀና ብሎ ማየት ነው። ግርግር የማይወድ ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ይሂድ። አርባ ምንጭም አይጠፉም።

አደራ፣ አንጀቱን በፌስታል አትወርውሩ፤ ፌስታሉንም ይውጠዋል። ምሳችሁንም ከጀርባችሁ አታስቀምጡ። እኔ ካሜራ ሳስተካክል ዓሣ ጥብሴ ከነወረቀቱ ሄደ። ለወንድሜ ደውዬ የኮዳውን ነገር ባስረዳው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ ጥብስህን የት አስገባው?»