ዲዳው ኮምፒውተርና የጋሼ ካሴቶች

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከሃቫና ስትሪት ፈቀቅ ብሎ ባለ አፓርታማ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ በስልኬ መብራት የኮምፒውተር ጀርባ እያየሁ ነበር። ጋሼ ወንበራቸው ላይ የጫማ ካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ካሴቶች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ በ1978 ዓ.ም. ደሴ ላይ የተቀዳ ነው። እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጻፍ ስለማይችሉ ጎረቤት ቤት ሄደው ቴፕ ላይ የተናገሩት ደብዳቤ ነው። ጋሼ ያን ጊዜ ሱዳን ነበሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይናገራል ወይስ ዝም ብለን ቡናችንን እንጠጣ?» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ አይናገርም ነበር። ያሳፈረኝ ደግሞ ሊኑክስ የጫንኩላቸው እኔው መሆኔ ነው። ማሽኑ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ደህና ማሽን ከሚጣል ብዬ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። የአማርኛ መጻፊያውን በአይባስ አስተካከልኩ፣ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ጋሼም መረቁኝ። ድምፁን ግን ሳልሞክር ወጣሁ። (ለሰው ማሽን የምትጭኑ ልጆች፣ ምርቃቱን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ዘፈን አጫውቱ።)

ሃቫና ስትሪትን ለማታውቁ፣ የመኪና መሸጫ፣ የኮሪያ ገበያና የእኛ ሰው ምግብ ቤት የሚፈራረቁበት ረጅም የኦሮራ ጎዳና ነው። እንጀራና በርበሬ አይቸግርም። ቴፕ ጠጋኝ ግን እስካሁን አላገኘሁበትም። የጋሼ ቴፕ ላስቲኩ አርጅቷል፤ ካሴቱም ሲዞር ይንቋረራል። ስንት ጊዜ ደግሞ እንደሚጫወት ማንም አያውቅም። ጆሯቸውም እየደከመ ነው። የልጅ ልጆቻቸው የቅድመ አያታቸውን ድምፅ እንዲሰሙ ከተፈለገ ካሴቱ ሳይበጠስ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበረበት።

ድምፅ ከፕሮግራሙ እስከ ስፒከሩ የሚሄድበትን መንገድ ካላወቃችሁ ጥገናው ግምት ይሆናል። ማዘርቦርዱ ላይ ኮዴክ የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ፣ ሞገድንም መልሶ ወደ ቁጥር የሚለውጠው እሱ ነው። ኮዴኩ ከተቀረው ማሽን ጋር የሚነጋገረው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ኤችዲ ኦዲዮ በሚባለው ደንብ ነው። ከርነሉ ውስጥ ያለው አልሳ ድራይቨሩን ይዞ ኮዴኩን ያዛል። ከአልሳ በላይ ፓይፕዋየር አለ፤ ብሮውዘሩም ሙዚቃ ማጫወቻውም ድምፃቸውን ለእሱ ያስረክባሉ፣ እሱ ቀላቅሎ ወደተመረጠው መውጫ ይልካል። የቱ ጋ እንደተቋረጠ ለማወቅ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። ቤታችሁ ውኃ ሲጠፋ ቧንቧ ከመፍታታችሁ በፊት ጎረቤት ጋ መኖሩን ትጠይቁ የለ?

እኔ ያን ማታ ቧንቧውን ፈታሁት። ከዓመታት በፊት በተማርኩት ልማድ ፐልስኦዲዮን አውጥቼ እንደገና ልጫን አልኩ። የጻፍኩት ትእዛዝ ሰፋ ያለ ስለነበር የዴስክቶፑን ግማሽ ይዞ ሄደ። እሱን ለመመለስ አንድ ሰዓት ፈጀሁ፤ ጋሼም በዚያ መሃል ሁለተኛውን ቡና አፈሉ።

ስህተቴ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የሊኑክስ ድምፅ ሥርዓት በየጊዜው ተለዋውጧል። አልሳ የከርነሉ ዋና የድምፅ ክፍል ሆኖ በ2.6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው። ከዚያ ፐልስኦዲዮ መጣና ከላይ ተቀመጠ፤ ለዓመታትም የችግር ሁሉ መፍትሔ «ፐልስኦዲዮን ንቀለው» ሆኖ ቆየ። ፓይፕዋየርን የጀመረው ዊም ታይማንስ ነው። ፌዶራ 34 እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኡቡንቱ በ22.10፣ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በ22 ወደ እሱ ተሻገሩ። ስለዚህ አንድ የጥገና ምክር ስታነቡ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት እዩ። እኔ የነቀልኩት ሥራ የሌለውን ነው፤ አብሮት የሄደው ግን ሥራ ላይ የነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ በሥርዓት ጀመርኩ። ተርሚናል ከፍቼ ኤፕሌይ የሚባለውን ትእዛዝ ካርዶቹን እንዲዘረዝር አዘዝኩት። ሁለት ካርድ አሳየኝ። ካርድ 0 ኤችዲኤምአይ ነው፣ ካርድ 1 ደግሞ የማዘርቦርዱ አናሎግ ድምፅ። እንግዲህ ድራይቨሩ ኮዴኩን አግኝቶታል፤ ከታች ያለው ደህና ነው። ሥርዓቱ ግን ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ስለተገናኘ ድምፁን ወደዚያ ይልክ ነበር፣ ያ ሞኒተር ደግሞ ስፒከር የለውም። ዲዳ ሆነ የተባለው ኮምፒውተር ጆሮ ለሌለው ሲያወራ ነው የከረመው። በድምፅ ማስተካከያው ገብቼ መውጫውን ወደ አናሎግ ቀየርኩት።

አሁንም ዝም።

እዚህ ላይ ነው ዓይኔ ፊት የነበረውን ያላየሁት። ማስተካከያው መውጫውን «ሄድፎን» ብሎ ጽፎታል። ሄድፎን ግን አልተሰካም፤ ስፒከሩ ከኋላ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ነው። ስፒከር ቴስት በሚባለው መሞከሪያ ፓይፕዋየርን አልፌ በቀጥታ ለካርዱ ድምፅ ላክሁ፤ እሱም አልተሰማም። ስለዚህ ችግሩ ከፓይፕዋየር በታች፣ ከድራይቨሩ በላይ ነው ማለት ነው። የቀረው አልሳሚክሰር ነው። ተርሚናል ውስጥ የሚከፈት፣ መልኩ የድሮ የሬዲዮ ጣቢያ መቆጣጠሪያ የሚመስል ፕሮግራም ነው፤ እኔ እወደዋለሁ። በኤፍ 6 ካርዱን ትመርጣላችሁ። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሥር ሁለት «ኤም» ካያችሁ ያ መስመር ተዘግቷል፤ የ«ኤም»ን ቁልፍ ስትጫኑ ሁለት ዜሮ ይሆናል፣ ተከፈተ ማለት ነው። የመስመር መውጫው ክፍት ነበር። ወደ ቀኝ ሄጄ ግን «ኦቶ ሚውት» የሚለውን አገኘሁ። ሄድፎን ሲሰካ የኋላውን ስፒከር በራሱ የሚያፍነው እሱ ነው። አጠፋሁት። የጋሼ ሳሎን በሙከራው ሽሽታ ተሞላ፤ እሳቸውም «እሰይ!» አሉ፣ ምንም እንኳ ሽሽታ ቢሆን።

ኮዴኩ ሄድፎን ተሰክቷል ብሎ ያመነው ለምን ነበር? የፊት ቀዳዳው ውስጥ ባትሪዬን ሳበራ መልሱ ብልጭ አለ። የሄድፎን መሰኪያ ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል፤ ሰባራውም የቀዳዳውን ማብሪያ ተጭኖ ይዟል። የልጅ ልጅ ሥራ ነው። ጋሼ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቁ፣ ለእኔ ግን አልነገሩኝም።

የእናንተ ማሽን ከዚህ ሊለይ ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ ካርድ ከናካቴው ከሌለ ወይም ማስተካከያው «ዳሚ አውትፑት» ብቻ ካሳየ አልሳሚክሰር ውስጥ አትድከሙ። ዴስክቶፕ ከሆነ ባዮስ ውስጥ የማዘርቦርዱ ድምፅ ተዘግቶ እንዳይሆን እዩ። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ዲጂታል ማይክሮፎኑ በዲኤስፒ በኩል የሚያልፍና ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ያ ፈርምዌር ካልተጫነ ድራይቨሩ ይነሣና ይወድቃል፤ የከርነሉን መልእክት በዲሜሴጅ ስታዩ በግልጽ ይናገራል። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ካሉ ደግሞ ዊንዶውስ ኮዴኩን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ትቶት ሊሄድ ይችላልና፣ ሪስታርት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩ።

አሁን ወደ ካሴቱ። ዴስክቶፕ የተሻለ የሆነው እዚህ ነው፤ ከኋላ ሰማያዊ ቀዳዳ አለው። ሮዙ ለማይክሮፎን ነው፣ ደካማ ድምፅ ይጠብቃልና በብዙ ያጎላል፤ ቴፕ ብትሰኩበት ድምፁ ይቀደዳል። ሰማያዊው የመስመር መግቢያ ነው፣ ለቴፕ የተሠራ። ከቴፑ የሄድፎን መውጫ ወደ ሰማያዊው ገመድ ዘረጋሁ። አልሳሚክሰርን በኤፍ 4 ወደ መቅጃው ገጽ አዙሬ ምንጩን «ላይን» አደረግሁት፣ «ካፕቸር» የሚለውን በስፔስ ቁልፍ ከፈትኩ፣ «ቡስት» የሚለውን ሁሉ ዜሮ አወረድኩ። ኦዳሲቲ ላይ በ48 ኪሎኸርዝ መቅዳት ጀመርኩ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል አሥር ያህል ዝቅ እንዲል አድርጌ።

ድምፅ መጣ። ከጀርባው ግን ወፍራም እምምታ አለ። ቴፑን ከግድግዳው ነቅዬ ወደ ሃቫና ወጣሁና ወፋፍራም ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ተመለስኩ። ቴፑ በድንጋይ ሲሠራ እምምታው ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን። ደግሞ የሴትዮዋ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ጥድፍ ጥድፍ ይላል። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሷ አይደለችም።»

ምን ልበላቸው? ኮምፒውተሩ ተናግሯል፣ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ሰውዬው ግን አርባ ዓመት የጠበቁትን ድምፅ አላገኙም።

እምምታውን በኦዳሲቲ የድግግሞሽ ሥዕል ላይ አየሁት። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኢትዮጵያ 50 ጊዜ። ከኦሮራ ግድግዳ የመጣ ቢሆን 60 ላይ መቆም ነበረበት። የናሙናውን መጠን 65536 አድርጌ ከ1 ኸርዝ ባነሰ ርቀት ስለየው ጉብታው የቆመው 53 ላይ ነው፤ ሦስተኛው ተከታዩም 159 ላይ። 53 ኸርዝ የሚባል መብራት የትም አገር የለም።

«ጋሼ፣ ያኔ ቴፑ በድንጋይ ነበር ወይስ በመብራት?»

«በመብራት እንጂ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ቤት፣ ከግድግዳው ሰክተው። ድንጋይ ማን ያባክናል?»

እንግዲያው ካሴቱ ላይ የተቀዳው የደሴ መብራት ነው። 50 የነበረው 53 ሆኖ የሚሰማው ቴፑ በመቶ 6 ስለሚፈጥን ነው፤ በፒያኖ አንድ ቁልፍ ያህል ወደ ላይ። የፈጠነው የጋሼ ቴፕ ይሁን ወይም የባለሱቁ ቴፕ ሲቀዳ ዘግይቶ፣ ለእኛ ውጤቱ አንድ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ጥቂት ሊዋዥቅ ይችላል፣ ይህን ያህል ግን አይሆንም። ፍጥነቱን በ50 ሲካፈል 53፣ ማለት ወደ 0.943 አወረድኩት። ዋናውን ቅጂ አልነካሁም፤ ያስተካከልኩት ግልባጩን ነው። እምምታውንም አላጠፋሁም፣ መለኪያችን ነው።

አጫወትኩት። ሴትዮዋ ረጋ ብለው፣ ከደረት በሚወጣ ድምፅ፣ የላሟን መውለድ ጀመሩ። ጋሼ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ነጠላ ባይኖርም በእጃቸው ትከሻቸውን ሊያስተካክሉ ሞከሩ፣ እናታቸው በር ላይ የቆሙ ይመስል። እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ የማያስፈልገኝን ውኃ ቀዳሁ።

ሁለተኛውን ካሴት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀመርን። እምምታ የለውም፤ ሥዕሉ 50 አካባቢ ሜዳ ነው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር» አሉ። መለኪያ ስለሌለኝ የፍጥነቱን ዘንግ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስኩ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ቀጭን ነው፣ አውርደው፤ አሁን አበዛኸው፣ መልሰው» እያሉ፣ 0.96 ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ።