«ማደን»፦ የአንድ የአሜሪካን ፉትቦል ጌም ጥንካሬና ድክመት

መግቢያ

የቪዲዮ ጌም ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊፋ ነው። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ወረፋ ጠብቀን ያደግነው በሱ ነውና አይፈረድብንም። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ግን ፊፋን ለሠላሳ ዓመት ገደማ ያወጣው ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ከዚህ በኋላ ኢኤ እያልን እንጠራዋለን) የሚሠራውን ሌላ ጌም ነው። ስሙ «ማደን ኤንኤፍኤል» ይባላል። ስሙን ያየ ሰው አውሬ ስለማደን የሚያወራ ጌም እንዳይመስለው፤ ማደን የሰው ስም ነው። ጆን ማደን ኦክላንድ ሬይደርስ የተባለውን ቡድን ለአሥር የውድድር ዘመን አሰልጥኖ በ1977 መጀመሪያ ላይ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያነሳ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን ጨዋታ በመተንተን ለረጅም ጊዜ የታወቀ፣ በ2021 መጨረሻ ያረፈ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ሶፍትዌር ልንሠራ የምንማር ልጆች ከዚህ ጌም የምንማረው ነገር ስላለ ነው። አንድ ፕሮግራም ጥሩ የሚሆነው በምንድን ነው? ጥሩ ከሆነ በኋላስ ለምን ይዳከማል? በእኔ አስተያየት የማደን ጥንካሬም ድክመቱም የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው። እሱም «እውነተኛውን ጨዋታ መምሰል አለብኝ» የሚለው ዓላማው ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን መምሰል በሥራ ያመጣው ነበር፤ በኋላ ግን በውል ገዛው። ልዩነቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ስለ ስፖርቱ ጥቂት

ጌሙን ለመመዘን መጀመሪያ ስፖርቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካን ፉትቦል ስሙ «ፉትቦል» ይባል እንጂ ኳሱ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው። ሁለት ቡድኖች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ በሚረዝም ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ ክልል ካደረሰ 6 ነጥብ፣ በእግሩ መትቶ በምሰሶዎቹ መሐል ካሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል።

እያንዳንዱ ሙከራ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ሁሉም ይቆማል፤ ሁለቱም ቡድኖች ለሚቀጥለው ስልት ይመርጣሉ። የ60 ደቂቃው ጨዋታ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ለዚህ ነው። የኛን እግር ኳስ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል። «ምን ሆነው ነው ሁልጊዜ የሚቆሙት?» ያሰኛል። ነገሩ ሲገባን ግን ትልቁ ጨዋታ ያለው እዚያው መቆሙ ውስጥ ነው። እንደ ቼዝ «እሱ ይህን ያደርጋል ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ እኔ ያንን ላድርግ» የሚባልበት ሰዓት ነው።

አነሳሱ፦ የአሥራ አንድ ሰው ጉዳይ

ኢኤን በ1982 የመሠረተው ትሪፕ ሆኪንስ ስለ ጌሙ ከማደን ጋር መነጋገር የጀመረው በ1984 ነው። ማደን አውሮፕላን መሳፈር ስለሚፈራ ውይይታቸው የተካሄደው በረጅም የባቡር ጉዞ ላይ ነበር። የዚያን ጊዜው አፕል ቱ ኮምፒውተር ሜሞሪው በኪሎባይት የሚቆጠር ደካማ ማሽን ነው። ስለዚህ ሆኪንስ በየወገኑ ስድስት ወይም ሰባት ተጫዋች ብቻ ቢሆንስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ማደን አሻፈረኝ አለ። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ካልሆነ ፉትቦል ስላልሆነ ስሙን እንደማይሰጥ ቁርጡን ተናገረ።

ሆኪንስም እሺ አለ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሥራው አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። ጌሙ ገበያ ላይ የዋለው በ1988 ነው፤ ሲወጣም ቀርፋፋ ነበር። ነገር ግን ሃያ ሁለቱም ሰዎች ሜዳ ላይ ነበሩ። በ1990 ለሴጋ ጀነሲስ በተሠራው ስሪት ፍጥነቱ ሲስተካከል ጌሙ በአሜሪካ ስሙ ገነነ። እንግዲህ የማደን ጥንካሬ መሠረቱ የተጣለው «ማሽኑ አይችልም» ሲባል «እንዲችል አድርጉት» ባለ አንድ ደንበኛ ነው ማለት ይቻላል።

ጥንካሬዎቹ

አንደኛ፣ ጌሙ ያስተምራል። እኔ ራሴ የፉትቦልን ሕግ ከመጽሐፍ ለመረዳት ሞክሬ አልገባኝም ነበር። ማደንን አንድ ሳምንት ከተጫወትኩ በኋላ ግን የቀረው ሙከራ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ያርድ እንደሚያስፈልግ፣ መቼ መሮጥ መቼ መወርወር እንደሚሻል ሳላስበው ይመጣልኝ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጌሙ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ስልት ያስመርጣል፤ ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባክ የሚሉት) ኳሱን ሲይዝ በየተቀባዩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ማን ነፃ እንደሆነ አይቶ ቁልፉን ለመጫን ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። የተሳሳተ ወዲያው ይቀጣል።

ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቹ ይለያያሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በፍጥነት፣ በጉልበት፣ በውርወራ ትክክለኛነት፣ በንቃትና በሌሎችም ብዙ መስፈርቶች እስከ 99 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል። ዳታቤዝ ለተማረ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ስልቱን የሚወስነው ግን ይህ ሰንጠረዥ ነው። አንዳንዴም ያፈነግጣል። በ2003 በወጣው ዕትም ማይክል ቪክ የተባለው ኳርተርባክ ከመፍጠኑ የተነሳ ተከላካይ አይይዘውም ነበር። እሱን የመረጠ አሸነፈ በቃ! ጓደኛሞች «ቪክን መምረጥ ክልክል ነው» ብለው ሕግ እስኪያወጡ ድረስ ደርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ሜዳ ላይ ብቻ አያበቃም። በ1998 ከወጣው ዕትም ጀምሮ «ፍራንቻይዝ» የሚባል ክፍል አለው። ተጫዋቹ አንድን ቡድን ይዞ ለብዙ ዓመታት ይመራል፤ ወጣት ይመለምላል፣ ያረጀውን ይሸኛል፣ በደመወዝ ጣሪያ ውስጥ ሒሳቡን ያብቃቃል።

አራተኛ፣ ተፎካካሪ በነበረበት ዘመን አዲስ ነገር ይሞክር ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስላለው ለብቻው እንየው።

ተፎካካሪው

ቪዥዋል ኮንሴፕትስ የተባለ ድርጅት በ1990ዎቹ አጋማሽ የማደንን የፕሌይስቴሽን ስሪት ለኢኤ እየሠራ ነበር። ሥራው ስላልተሳካ ተሰረዘ። ያው ድርጅት በ1999 ለሴጋ ድሪምካስት «ኤንኤፍኤል ቱኬ» የተባለ የራሱን ጌም ይዞ ብቅ አለ። በ2004 ደግሞ «ኢኤስፒኤን ኤንኤፍኤል ቱኬ ፋይቭ» የተባለውን ዕትም በ20 ዶላር ዋጋ አወጣ። የማደን ዋጋ 50 ዶላር ነበር። ጥራቱም ከማደን ስለማያንስ ኢኤ ተጨነቀ፤ ዋጋውን ወደ 30 ዶላር አወረደ።

በዚህ ፉክክር ዘመን ማደን በየዓመቱ አዲስ ሐሳብ ነበረው። በ2004 ተከላካዩ በመቆጣጠሪያው ዱላ ኃይለኛ ግጭት የሚፈጥርበትን መንገድ አመጣ። በ2005 ደግሞ ኳርተርባኩ የሚያየውን አቅጣጫ በብርሃን የሚያሳይ ዘዴ ሞከረ፤ ጎበዙ ሰፊ ያያል፣ ደካማው ጠባብ። ብዙ ሰው አልወደደውም፣ ኋላም ቀረ። ቢሆንም መሞከሩ ራሱ ጥሩ ነገር ነው።

ድክመቶቹ

ትልቁ ድክመት የመጣው በታኅሣሥ 2004 ነው። ኢኤ ከኤንኤፍኤልና ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር ብቸኛ ውል ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ የእውነተኞቹን ቡድኖችና የእውነተኞቹን ተጫዋቾች ስም ይዞ እውነተኛውን ጨዋታ የሚያስመስል ጌም ማውጣት የሚችለው ኢኤ ብቻ ሆነ። ውሉም በተደጋጋሚ ታድሷል። በርግጥ ጥፋቱ የኢኤ ብቻ አይደለም፤ ፈቃዱን ለአንድ ድርጅት ብቻ መሸጥን ኤንኤፍኤልም ወዶ ነው የተቀበለው። ተፎካካሪው በ2007 ጡረታ የወጡ ዝነኞችን ሰብስቦ፣ ለቡድኖቹ የፈጠራ ስም ሰጥቶ ሌላ ጌም ሞከረ። ነገር ግን ሰው የሚፈልገው የራሱን ቡድን ነው። ያ ጌም ተከታይ ሳይኖረው ቀረ።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባል የለ? የጌሙ ዋጋ ወደ ላይ ተመለሰ። በ2008 ገዢዎች ኢኤን በሞኖፖሊ ከሰሱት። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በ2012 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኤንኤፍኤል ውል ግን አልተነካም።

ሁለተኛው ድክመት የጊዜ ሰሌዳው ነው። ማደን የውድድር ዘመኑ ሲቃረብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ወር አካባቢ በየዓመቱ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው ጌም እስኪሟላ አራት ዓመት ተጠበቀ፤ ዛሬ ተሟላም አልተሟላም ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። በ2005 መጨረሻ ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ስሪት ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ በአሮጌው ማጫወቻ ላይ የነበሩ ብዙ ነገሮች ግን ጎድለውት ነበር። ፍራንቻይዝ ለዓመታት ትኩረት ስለተነፈገው በ2020 ደጋፊዎች «ፍራንቻይዙን አስተካክሉ» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ከፈቱ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ከ2010 ጀምሮ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል ገባ። እዚህ ላይ ቡድን የሚገነባው የተጫዋች ካርድ በማሰባሰብ ነው። ካርዱ በጥቅል ይሸጣል፤ ከመክፈት በፊት ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ጌሙን ከገዛ በኋላ እንደገና ክፈል ማለት ነው። በትዕግሥት ያለ ክፍያ መጫወት ይቻላል፤ ይሁንና የከፈለው ቶሎ ይጠነክራል። ልጆች በሚጫወቱት ነገር ላይ ዕድል መሸጥ ከሎተሪ በምን ይለያል የሚለው ክርክር እስካሁን አላበቃም።

አራተኛው የኮምፒውተሩ አስተሳሰብ ነው። ሰው ተመሳሳይ ስልት ሦስቴ ቢደገምበት ይነቃል። ማደን ውስጥ ግን ኮምፒውተሩ የማይመልሰው አንድ ስልት ካገኘን እሱኑ ደጋግመን ማሸነፍ የምንችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ተችሏል፤ ሃያ ሁለቱን እንዲያስቡ ማድረግ ግን ገና ነው።

አምስተኛው የጉዳት ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወጡት ዕትሞች ተጫዋች ሲጎዳ አምቡላንስ ሜዳ ውስጥ እየበረረ ይገባና በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይገጭ ነበር። ያስቃል። ነገር ግን ስፖርቱ የአንጎል ጉዳት እንደሚያስከትል ሲታወቅ ሳቁ ቀረ። በ2011 በወጣው ዕትም ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ለዚያ ጨዋታ አይመለስም፤ የጌሙ ተንታኞችም ምክንያቱን ያስረዳሉ። ይህ እርማት የሚመሰገን ነው። ሆኖም ያው ጌም ኃይለኛ ግጭትን እንደ መዝናኛ ማቅረቡን አልተወም። እውነተኛውን እመስላለሁ የሚለው ጌም ያማረውን ሲመስል የሚያመውን ግን በትንሹ ነው የሚያሳየው።

ማጠቃለያ

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ማደን ከ2004 ወዲህ ምንም አልተሻሻለም ማለት ውሸት ይሆናል። ለምሳሌ በ2012 የተጫዋቾች ግጭት አስቀድሞ በተቀረጸ እንቅስቃሴ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በፊዚክስ ስሌት እንዲሆን ተደርጓል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ዛሬም ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም ብል አላጋነንኩም። መጫወት ለሚፈልግ የምመክረው ፍራንቻይዙን እንዲሞክር፣ ካርድ መግዣው አካባቢ ግን ኪሱን እንዲጠብቅ ነው።

ለእኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። የአሥራ አንዱ ሰው ጥያቄ እና የ2004ቱ ውል ሁለቱም የተጠየቁት በአንድ ስም ነው፤ «እውነተኛ ይሁን» በሚል። የመጀመሪያው ፕሮግራመሮቹን አራት ዓመት አለፋ፣ ጥሩ ጌምም አመጣ። ሁለተኛው የጠየቀው ገንዘብና ፊርማ ስለነበር ፕሮግራመሮቹን እንዲተጉ የሚያስገድዳቸው ነገር ጠፋ።

እኛም የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ስንሠራ ማስረከቢያው ሲደርስ «ስድስት ሰው ይበቃል፣ ማን ያየዋል?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አማካሪያችን እንደ ማደን «አሥራ አንድ ካልሆነ አልፈርምም» ቢሉን ፊታችንን አናጥቁር። ደግሞም ተፎካካሪ ቡድን በአጠገባችን ቢኖር እንደ ጠላት አንየው። ሳንወድ በግድ የሚያጎብዘን እሱ ነውና።